ከኋላሽ ነኝ

ካፒቴን ሁለት ጊዜ አሳለና ፋሻን «ከኋላሽ ነኝ፣ ግቢ» አላት።

ገባች። የመድኃኒት ቦርሳዋን እንዳዘለች በተገነጠለው የመጋዘን በር ሾልካ፣ በርሜሎቹን ታካ ወደ ውስጥ ሮጠች። ሦስት ተጋጣሚዎች ከየተደበቁበት ብድግ ብለው ሲመጡባት ዞር ብላ የካፒቴንን ሰማያዊ ኮፍያ ፈለገች። ኮፍያው የለም። ተኩስ ተሰማ፣ ስክሪኑም አመድማ ሆነ። በዚህ ጨዋታ የሞተ ተጫዋች ማቹ እስኪያልቅ የሚያየው ይህንኑ አመድማ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው» አለች ማይኩ ላይ ጎንበስ ብላ። «ቶሎ ገባሁ መሰለኝ።»

«ችግር የለም ፋሻ፣ አይዞሽ» አላት ካፒቴን።

ከዚያ በኋላ በስፒከሩ የሚሰማው ጩኸትና ሳቅ ብቻ ነበር። ከቲሙ ልጆች ብረቱ «ያዝኩት፣ ያዝኩት» ይላል፣ ጭልፊት በሳቅ ትፈርሳለች። ትንሽ ቆይቶ ማቹ አለቀ። አሸንፈው ለፍጻሜ አለፉ። ፋሻም አብራቸው አጨበጨበች፤ ደስታዋ ግን ሳይጠራ ሠርግ እንደገባ ሰው ጥጉን የያዘ ነበር።

አክስቷ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆማ የፈተና ወረቀት ታባዛለች። ሱቁ የእሷ ነው። ፋሻ ከትምህርት በኋላ እየመጣች ወረቀት ትደረድርላታለች፣ በስቴፕለር ትመታለች፣ ወለል ትጠርጋለች፤ ደንበኛ ሲሳሳ ደግሞ ጥግ ባለው ኮምፒውተር እንድትጫወት ይፈቀድላታል። ኮምፒውተሩ ሄድፎን ስለሌለው አክስቷ ወደደችም ጠላችም የቲሙን ወሬ ሁሉ ትሰማለች።

«አንቺ ልጅ፣ አሁን የሞትሽው አንቺ አይደለሽም?» አለቻት።

«ነኝ።»

«ታዲያ ይቅርታ ጠያቂዋም አንቺ ነሽ? እኛ የምናውቀው ለሟች ሲለቀስ ነው። ሟች ተነስቶ ቀባሪዎቹን ይቅርታ ሲለምን አይቼ አላውቅም።»

ፋሻ ሳቀች። አክስቷ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለች ሌላ ነገር አስታወሰች። «ደግሞ ያ የጎረቤት ልጅ ሳሉ አልለቀቀውም? ማሩን አልሰጠሽውም እንዴ?»

ሰጥታዋለች። ካፒቴን በየማቹ ማሳል ከጀመረ ሰንብቷል። ፋሻ ከአክስቷ ላይ ማር ለምና፣ በትንሽ ጠርሙስ ሞልታ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ እንዲወስድ ነግራ በእጁ አስይዛዋለች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» ብሏት ነበር ያን ጊዜ።

ፋሻና ካፒቴን ጎረቤታሞች ናቸው። የሁለቱ ቤት ጓሮ በአንድ ግንብ ይለያያል፤ ግንቡ ላይ መውጣት የተማሩት አብረው ነው፣ ከግንቡ መውደቅ ግን ካፒቴን ቀድሟታል። ያን ቀን ጉልበቱ ተልጦ ሲያለቅስ የፀጉሯን ሻሽ ፈትታ አሰረችለት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ፋሻ ሆኖ ቀረ፤ አሁን የዘጠነኛ ክፍል መምህራን እንኳ አንዳንዴ በዚሁ ይጠሯታል።

ጨዋታውም ሲመጣ ነገሩ ቀላል ነበር። አራት ለአራት የሚገጥሙበት ነው፤ መጋዘኑን ቀድሞ የያዘና ሰዓቱ እስኪያልቅ ያላስነጠቀ ያሸንፋል። ብረቱ ጋሻ ይዞ ፊት ይቆማል፤ በአካል ሲያዩት ንፋስ የሚወስደው ቀጫጫ ልጅ ነው፣ በጨዋታው ግን ተራራ ነው። ከፋሻ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጭልፊት ከሩቅ ትተኩሳለች። ካፒቴን ያዛል፣ ይተኩሳል። የመድኃኒት ቦርሳውን ግን ማንም አልፈለገውም። ቦርሳ የያዘ ሰው መሣሪያ የለውም፤ ጓዶቹን ያክማል እንጂ ራሱን ማከም አይችልም። የሁሉም ሰው የደም መስመር በእሱ ስክሪን ጥግ ላይ ይታያል፣ የእሱን ግን ማንም አያይለትም።

«ይሄ የፋሻ ነው» አለ ካፒቴን፣ ማንም ሳይከራከር አለቀ።

ወዳውም ነበር። የብረቱ ደም ሲወርድ ደርሳ ስትሞላው፣ ጭልፊት «ተርፌያለሁ» ብላ ስትጮህ፣ ከማንም በላይ እሷ ያሸነፈች ይመስላት ነበር። ግን በዚህ ውድድር ካለፉት ማቾች በአንዱም እስከ መጨረሻው ቆማ አታውቅም። ትገባለች፣ ትሞታለች፣ ይቅርታ ትጠይቃለች። ቲሙ ያሸንፋል፣ እሷ ግን ቤቷ ገብታ ስለዚያ በር ታስባለች። ቶሎ ገባሁ? ዘገየሁ? በርሜሎቹን በግራ ነበር ማለፍ የነበረብኝ? ፍጻሜው ቅዳሜ በወጣቶች ማዕከል አዳራሽ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ተዋርዳ ጓደኞቿን ማሸነፍ የሚገባቸውን ጨዋታ ብታስጥላቸው ምን ትላለች?

ስለዚህ በማግስቱ ወረቀቷን በጊዜ ደርድራ ጨርሳ የማቹን ቅጂ ከፈተች። ጨዋታው የእያንዳንዱን ማች ቅጂ ከነድምፁ ያስቀምጣል፤ ማየት የሚፈልግ ሰውም ከአራቱ ተጫዋቾች በመረጠው ዓይን ሊያየው ይችላል። ፋሻ እስከዚያ ቀን የምታየው የራሷን ብቻ ነበር። ጥፋቱ የራሷ ነዋ፣ የሰው ምን ያደርግላታል። ያን ቀን ግን ካፒቴን ከእሷ ምን ያህል ርቆ እንደሚከተላት ለማወቅ ፈለገች፤ ርቀቱን ካወቀች እርምጃዋን ትመጥናለች። ስሙን ተጫነችው።

ካፒቴን ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ግንብ ጀርባ ተንበርክኮ፣ መሣሪያውን በሩ ላይ አነጣጥሮ ነበር። ቀድሞ ነው ቦታውን የያዘው። ከዚያ ሳሉ መጣ፣ ሁለት ጊዜ። ከጎኑ የነበረው ብረቱ ሳሉን እንደሰማ ብድግ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ጭልፊት ጣሪያው ላይ ወጣች። ማንም ምንም አላላቸውም።

«ከኋላሽ ነኝ፣ ግቢ።»

ፋሻ ራሷን ከጀርባዋ አየች። ቦርሳው ከትከሻዋ ላይ እየዘለለ ትሮጣለች። ተጋጣሚዎቹ ወጡ። ዞር ብላ ስትፈልገው ፊቷ በቀጥታ ወደ እሱ ነበር። ካፒቴን ንቅንቅ አላለም፣ ቃታም አልሳበም። ሦስቱም ከተደበቁበት እስኪወጡ ጠበቀ። ፋሻ ወደቀች። ያኔ ከግንቡም፣ ከመስኮቱም፣ ከጣሪያውም ተኩስ ዘነበ፤ ተጋጣሚዎቹ መውጫ አጡ። «ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው» የሚለው የራሷ ድምፅ በዚያ ሁሉ መሃል ቀጥኖ ይሰማል።

የዚያ ቀን ብቻ ይሆናል ብላ ያለፈውን ማች ከፈተች። ከዚያ በፊት ያለውንም። በሁሉም ካፒቴን ያስላል፣ ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፣ እሷ ትገባለች። ተጋጣሚ ሁሉ አካሚን አስቀድሞ እንደሚያድን ማንም ያውቃል፤ አካሚ ከሌለ የቀሩት ደማቸው አይመለስማ። እሷ ማጥመጃ ነበረች። ይህን ከአራቱ የማታውቀው ማጥመጃዋ ራሷ ብቻ ነበረች።

ክው አለች። መጀመሪያ የመጣባት ንዴት አልነበረም፣ ሀፍረት ነበር። ያን ሁሉ ይቅርታ አሰበችው። አንድ በአንድ ሲሰሟት፣ «አይዞሽ» ሲሏት፣ ከሞተች በኋላ ሲስቁ። ንዴቱ የመጣው ማሩ ትዝ ሲላት ነው።

«ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?» አለቻት አክስቷ።

«ደህና ነኝ» ብላ ስቴፕለሩን አነሳች። የቀረ ወረቀት ስላልነበረ መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ካፒቴንን ስታየው ዋለች። ከፊት ወንበር ተቀምጦ ያወራል፣ ይስቃል፣ ጮክ ብሎ ያነባል። አንዴም አላሳለም። በእረፍት ሰዓት ሁሉም ሲወጣ ጭልፊት ቦርሳዋን ስታነሳ ፋሻ እጇን ዴስኩ ላይ ዘርግታ መንገዱን ዘጋችባት።

«ሳሉ ምልክት ነው አይደል?»

ጭልፊት መዋሸት አትችልበትም። ከሩቅ ስትተኩስ እጇ የማይንቀጠቀጠው ልጅ አሁን የቦርሳዋን ዚፕ ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋች። «ማን ነገረሽ?» አለች፤ ጥያቄዋ መልስ እንደሆነ ሲገባት ተመልሳ ተቀመጠች።

ነገሩን አንዴ ከጀመረችው አላቆመችም። የካፒቴን ሐሳብ ነው አለች። አንድ ቀን ፋሻ በስህተት ቀድማ ገብታ ስትሞት ተጋጣሚዎቹ ሁሉ ግር ብለው ወጡ፣ እነሱም ሳያስቡት አሸነፉ። ያኔ ነው የመጣለት። ለእሷ እንንገራት ብላ ነበር ጭልፊት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ብላ ነበር። ካፒቴን ግን ካወቀች አትፈራም፣ ካልፈራች ደግሞ እነሱ አያምኑም አለ። ብረቱም «ጌም ነው ባክሽ፣ አታካብጂ» ሲላት ዝም አለች።

«ማሩንስ?» አለች ፋሻ።

ጭልፊት አቀረቀረች። «በዳቦ በላነው። ሦስታችንም።»

ፋሻ እጇን ከዴስኩ ላይ አነሳች። ጭልፊት እንድትሰድባት ትጠብቅ ነበር፣ ብትሰድባት ደስ ይላት ነበር መሰል። ፋሻ ግን አንድ ቃል ቢወጣት ዕንባዋ ተከትሎ እንደሚመጣ ስላወቀች ተነስታ ወጣች። ማሩን አክስቷ ለራሷ ካስቀመጠችው ላይ እየለመነች መውሰዷ፣ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ማጠቧ፣ ክዳኑ እንዳይፈስ በላስቲክ ማሰሯ ሁሉ አንጀቷን አሳረረው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ በግንቡ ላይ አጎንብሳ ወደ ጎረቤት ጓሮ አየች። ካፒቴን ቧንቧው ስር ቁጢጥ ብሎ ጫማውን ያጥባል።

«ሳልህ ተሻለህ?» አለችው።

ቀና ሳይል «ይሻለኛል፣ ማሩ...» ብሎ ጀመረና ድምጿ አላምር ሲለው ቀና አለ። አይቷት ነገሩ ገባው። እጁ ጫማው ውስጥ እንደገባ ቀረ፣ ውሃው በከንቱ ይፈሳል።

«ጭልፊት ነገረችሽ?»

«ቅጂውን አየሁት። በአንተ ዓይን።»

ካፒቴን ቧንቧውን ዘጋ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። ማስረዳት ይችልበታል፤ ለዚህ ነው ካፒቴን ያሉት። ተጋጣሚ እሷን አስቀድሞ ማደኑ አይቀርም፣ ስለዚህ በማይቀር ነገር መጠቀም ብልህነት ነው አላት። ማጥመጃ መሆንም እንደ ጋሻ መያዝ አንድ ሥራ ነው፣ እንዲያውም ዋናው ሥራ። እሷ ባትኖር ኖሮ ፍጻሜ አይደርሱም ነበር። እያንዳንዱ ቃል ልክ ነበር፣ ለዚህም ነው ይበልጥ ያመማት።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብታውቂ ኖሮ እግርሽ ይከብድ ነበር። ያስታውቅብሻል። የሚወጡት እኮ በእውነት ስትፈሪ ስላዩሽ ነው።»

«ብትጠይቀኝ እሮጥልህ ነበር» አለችው።

ግንቡን የያዙት ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል። ማልቀስ አልፈለገችም፣ ግን ድምጿ እየሰነጠቀ ነበር። «የመጋዘኑ ጓሮ በር አለው፤ ታውቃለህ? አንተ አታውቅም፣ ከፊት በር አልፈህ አታውቅማ። እኔ ብቻዬን ስለማመድ አግኝቼዋለሁ። ብትነግረኝ አስሮጣቸውና በጓሮ እወጣ ነበር። አራት ሆነን እንጨርስ ነበር። መሞት አያስፈልገኝም ነበር። ደግሞ የሚገባው ለምን እኔ ሆንኩ? እኔ ራሴን ማከም አልችልም። አንተ ብትገባ እያከምኩህ እከተልህ ነበር።»

ካፒቴን ይህን አስቦት አያውቅም፤ ከፊቱ ይነበባል። ሊናገር ሲል ጉሮሮው ተናነቀውና ሊያስለው መጣ፤ ዋጠው፣ ዓይኑ እስኪያለቅስ ዋጠው። ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም በሳቅ ይወድቁ ነበር።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ቅዳሜ አናደርገውም። ቃሌ ነው። ብቻ እንዳትቀሪ፣ ያለ አካሚ አንችልም።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ጠበቀች። እሷ በየማቹ እንደ ውሃ ስታፈሰው የከረመችው ቃል ነው፣ ለእሱ ግን አልወጣለት አለ። ከግንቡ ወርዳ ገባች።

አርብ ዕለት ሱቁ ውስጥ ወረቀት ስትደረድር ገጾቹን ገለበጠቻቸው፤ አክስቷም ዝም ብላ መልሳ አስተካከለቻቸው። ፋሻ ሁሉንም አልነገረቻትም። ሰው እንደከዳት ብቻ ነው የነገረቻት።

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ» አለች አክስቷ። ትንሽ ቆይታም «ነገ ትሄጃለሽ?» አለቻት።

«አላወቅኩም።»

«የምትቀሪ ከሆነ ዛሬ ንገሪያቸው። እኔ የሠራተኛዬ መቅረት አያናድደኝም፤ መጥቶ አለሁ እያለ ሲለግም ነው የሚያናድደኝ።»

ፋሻ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረች፤ አክስቷ ሳታውቀው ቁስሏን ነክታለች። ከትናንት ጀምሮ የምታስበው ልክ ይህንኑ ነበርና። አዳራሹ በሰው ሞልቶ፣ የካፒቴን ደም እየወረደ፣ እሷ ቦርሳዋን አዝላ ዝም ብላ ስታየው። «ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው» ስትለው። ይህን ሐሳብ ደጋግማ አጣጥማዋለች፤ ጣፋጭ ነው፣ እንደ ሰረቁት ማር።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው አራት ኮምፒውተር በዚህ፣ አራት በዚያ ተደርድሯል። በመሃል መጋረጃ አለ። ከኋላ በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ የትምህርት ቤቱ ልጆች፣ እናቶች፣ ታናናሽ ወንድሞች ተቀምጠዋል። አክስቷ ሱቋን ዘግታ መጥታ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሐኪም ቤት ተራ የምትጠብቅ ይመስል ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ጭልፊት ለፋሻ ወንበር ሳበችላት፤ ፋሻ ተቀመጠች፣ አላመሰገነቻትም። ብረቱ «አቦ፣ ይቅር በይና እንብላቸው» አላት። እሷ ሄድፎኑን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

የመጀመሪያውን ዙር አሸነፉ። ካፒቴን ቃሉን ጠብቋል፤ አንዴም አላሳለም። ብረቱ ፊት ሆኖ፣ እሷ ከጀርባው እያከመችው ተያይዘው ገቡ። ለትንሽ ጊዜ የድሮው ደስታ መጣባት፤ ምናልባት ይስተካከላል፣ ምናልባት ሰኞ አብረን ይህን ስንስቅበት እንውላለን ብላ አሰበች። ሁለተኛውን ተሸነፉ። ተጋጣሚዎቹ ብልጦች ነበሩ፤ መጋዘኑ ውስጥ ተሸጉጠው አልወጣም አሉ።

ሦስተኛው ዙር ሁሉን የሚለይ ነው። ሰዓቱ እየሮጠ፣ ተጋጣሚዎቹ እንደ አይጥ ጉድጓዳቸው ውስጥ ቁጭ ብለዋል። አራቱም ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ደረሱ። ብረቱ ይተነፍሳል፣ ጭልፊት ትጠብቃለች።

ካፒቴን አሳለ። ሁለት ጊዜ።

በሄድፎኑ ውስጥ ጆሮዋ ስር ነበር። ጭልፊት «ኧረ በናትህ» አለች በሹክሹክታ። ብረቱ ግን እጁ ለምዶት ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ከኋላሽ ነኝ» አላት ካፒቴን። «ግቢ።»

ዞር ብላ በእውን አየችው። ከእሷ ሁለት ወንበር ርቆ ነው የተቀመጠው። ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። ልጅ ሳለ ሲዋሽ እናቱ የምታውቅበት በዚሁ ጆሮው ነበር። ግንቡ ስር የሰጣት «ቃሌ ነው» እስኪጨንቀው ድረስ ብቻ የሚሠራ ቃል እንደነበረ ያኔ ገባት። በልቧ ለእሱ የቀረው ነገር ሁሉ ከዚያች ቅጽበት በኋላ እየቀዘቀዘ ሄደ። አልጮኸችም፣ ሄድፎኑንም አላወለቀችም።

«አልገባም» አለች። «አንተ ግባ። አስሩጣቸውና በጓሮ በር ውጣ። እኔ ነኝ ከኋላህ።»

ሰዓቱ ይሮጣል።

«በምን አምንሻለሁ?» አለ ካፒቴን።

ጭልፊት ሳቀች፤ ደስ ያላት አይመስልም፣ ግን ሳቀች። ካፒቴንም የተናገረውን ራሱ ሰማው መሰል። ሰማያዊ ኮፍያው ከግንቡ ጀርባ ወጣ፣ በተገነጠለው በር ገባ፣ በርሜሎቹን አልፎ ጠፋ።

ተጋጣሚዎቹ ብቻውን ሲያዩት ወጡ። መጀመሪያ አንዱ፣ ከዚያ ሁሉም። የካፒቴን የደም መስመር በፋሻ ስክሪን ጥግ ላይ መውረድ ጀመረ። ተከትላው ገባች። አሁን ከጀርባው ነች፤ እሱ ፊቱን አዙሮ ካልፈለገ አያያትም፣ ቢያዞር ደግሞ ይወድቃል። መስመሩ ግማሽ ሆነ። ጣቷ የማከሚያው ቁልፍ ላይ ነው፣ አልተጫነችውም። ይህን ነበር ሌሊቱን ስታጣጥም ያደረችው። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፣ ዝም ማለት ብቻ ይበቃል።

«ፋሻ» አለ ካፒቴን። ድምፁ ከግንብ ላይ የወደቀ ቀን የነበረው ዓይነት ነበር። «አለሽ?»

አለሽ ወይ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ሲያዛት፣ ሲያጽናናት፣ ሲያመሰግናት እንጂ። አሁንም ይቅርታ አላለም፤ ምናልባትም አይልም ይሆናል። አልማረችውም። ማሩንም፣ ሳቁንም፣ ያን ቀይ ጆሮም አልማረችም። ግን ከኋላህ ነኝ ያለችው እሷ ነች፣ ቃሉም የእሷ ነው።

«አለሁ» አለችው፣ ቁልፉንም ተጫነች።

መስመሩ መሙላት ጀመረ። «በርሜሉን እለፍ፣ ወደ ቀኝ፣ በሩ ከመደርደሪያው ጀርባ ነው» እያለች መራችው፣ እሱም ያለችውን እያደረገ ሮጠ። ከጣሪያው የጭልፊት ተኩስ ተሰማ፣ ከኋላ ከወንበሮቹ ሰው ብድግ ብድግ ሲል ይሰማል። ከዚህ ማች በኋላ ቦርሳውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ ይህን ለሦስቱም ዛሬውኑ፣ እዚሁ፣ ሄድፎኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትነግራቸዋለች። ለዚያ ግን ማቹ ማለቅ አለበት። የካፒቴን ደም ገና ስላልሞላ ጣቷን አላነሳችም።